ጥቂቶች እየተቃወሙ «ተግባብተናል» ማለት ይቻላልን? በኢንተርኔት ደረጃ አውጪ ቡድኖች ስለሚሰጥ ውሳኔ

አውታረኛው ጠየቀ፦

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

የኔትወርክ መሐንዲስ ነኝ። ላለፈው አንድ ዓመት ያህል የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎችን ደረጃ በሚያወጣው በአይኢቲኤፍ ሥር የሚገኝ አንድ የሥራ ቡድን በኢሜይል የሚያካሂደውን ውይይት ስከታተል ቆይቻለሁ። ባለፈው ወር ቡድኑ በረቂቁ ውስጥ በሰፈረ አንድ የጊዜ ገደብ ላይ ሲከራከር ሰነበተ፤ ክርክሩም ላኪው ወገን መልስ ሳያገኝ ምን ያህል ጠብቆ ፓኬቱን (በመስመር የሚላከውን ቁራጭ መረጃ) እንደገና ይላክ የሚል ነበር። የተመረጠው ቁጥር አጭር ነው። እኔ የምሠራበት መስመር የደርሶ መልስ ጊዜው (ፓኬት ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው) ረጅም፣ መዘግየቱም ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ አጭር ገደብ ያልጠፋውን ፓኬት እንደ ጠፋ አስቆጥሮ ደጋግሞ እንደሚያስልክና የተጨናነቀውን መስመር ይበልጥ እንደሚያጨናንቀው በሥራዬ አይቻለሁ። ይህንኑ ለመጻፍ ተነሣሁ፤ ጽፌም ጨርሼ ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ፕሮቶኮል ሲነድፉ በኖሩ ሰዎች ፊት «አንተ ማን ነህና?» የሚሉኝ መሰለኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝና ሳልልከው ቀረሁ።

ሌሎች ስድስት ሰዎች ግን ከእኔ ጋር በሚቀራረብ ምክንያት ተቃውመው ጻፉ፤ የደገፉት ከሃያ የሚበልጡ ይመስሉኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰብሳቢዋ «በቡድኑ ውስጥ ራፍ ኮንሰንሰስ አለ» የሚል አጭር መልእክት ላከችና ጉዳዩ ተዘጋ።

ያልገባኝ ይህ ነው። ድምፅ አልተሰጠም፤ የቆጠረም ሰው የለም። ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ታዲያ «ኮንሰንሰስ አለ» የተባለው በምን መለኪያ ነው? በብልጫ ድምፅ ከሆነ ለምን በግልጽ አይቆጠርም? በብልጫ ድምፅ ካልሆነ ደግሞ ሰብሳቢዋ ከራሷ ፍላጎት በቀር በምን ትመራለች? አሠራሩን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቀለም ቀንድ መለሰ፦

አውታረኛው፣ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚቀረውን ጥያቄ በግልጽ ስለጻፉት አመሰግናለሁ።

ከቃሉ ልጀምር፤ የችግሩ ግማሽ ያለው ከቃሉ ላይ ይመስለኛል። ኮንሰንሰስ የሚለውን ብዙዎቻችን «ስምምነት» ብለን ስለምንተረጉመው፣ ተቃዋሚ እያለ «ስምምነት አለ» ሲባል ሐሰት ሆኖ ይሰማናል። በአማርኛ ግን መስማማትና መግባባት አንድ አይደሉም። ውል የሚፈራረሙ ሰዎች ይስማማሉ። በአጥር ወሰን የተከራከሩ ሁለት ጎረቤታሞች ግን፣ አንደኛው የሌላውን ምክንያት እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ያልከው ገብቶኛል፤ እኔ ብሆን እንደዚያ አላደርግም ነበር፤ ግን ይሁን፣ አልከለክልህም» ቢለው፣ ተግባብተዋል እንጂ አልተስማሙም። ራፍ ኮንሰንሰስ የሚሉት ለዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል። እኔ «ጥቅል መግባባት» እለዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያላችሁ ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።

ድምፅ የማይሰጥበት ምክንያት ከድርጅቱ አሠራር የሚመነጭ ነው። አይኢቲኤፍ አባልነት የሚባል ነገር የለውም። ማንም ሰው የኢሜይል አድራሻውን አስመዝግቦ ዛሬ ማታ የፈለገውን የሥራ ቡድን ውይይት መቀላቀል ይችላል፤ የሚሳተፈውም በራሱ ስም እንጂ በቀጣሪው ስም አይደለም። አባል ከሌለ መራጭ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምልዓተ ጉባኤ ስንት እንደሆነም ሊነገር አይችልም። እንዲያም ሆኖ ድምፅ ይቆጠር ቢባል፣ ሠራተኛ የበዛለት ኩባንያ በአንድ ጀምበር ሁለት መቶ ሰው አስመዝግቦ የፈለገውን ያስወስናል፤ ብቻውን የመጣው መሐንዲስ የያዘው ምክንያት የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ዋጋ ያጣል።

አሠራሩ መሪ ቃሉን ያገኘው በጭንቅ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የኢንተርኔት አድራሻዎች ማለቃቸው እንደማይቀርና ራውተሮች የሚይዙት የመንገድ ሰንጠረዥ ከአቅማቸው በላይ እያበጠ መሆኑ ታውቆ ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር ጃፓን፣ ኮቤ ላይ የተሰበሰበው አይኤቢ የተባለው የበላይ ቦርድ፣ ቀጣዩ ፕሮቶኮል ሲኤልኤንፒ በተባለውና ከሌላ የደረጃ ድርጅት በመጣው ንድፍ ላይ እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረበ። መሐንዲሶቹ ከላይ እንደተወሰነባቸው ቆጥረው ክፉኛ ተቆጡ። በሚቀጥለው ወር በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ በተደረገው ስብሰባ ላይ የኤምአይቲው ዴቪድ ክላርክ «ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ አሰጣጥን አንቀበልም፤ የምናምነው በጥቅል መግባባትና በሚሠራ ኮድ ነው» ያለው ያን ጊዜ ነው። የቦርዱ ሐሳብ ቀረ፤ ደረጃዎችን የማጽደቅ ሥልጣንም ከቦርዱ ወጥቶ አይኢኤስጂ ወደሚባለው የዘርፍ ኃላፊዎች ስብስብ ተዛወረ። የአድራሻው ጉዳይ ሁለት ተጨማሪ ዓመት ክርክር ፈጅቶ በ1994 ቶሮንቶ ላይ ዛሬ አይፒ ስሪት 6 ወደምንለው አመራ። ይህን የማነሣው ታሪክ ለማውራት ብዬ አይደለም፤ ድምፅ መስጠትን የሚጠሉት ስለምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚቀጥለው ነገር ስለማይገባ ነው።

ወደ መለኪያው ልመለስ። የሥራ ቡድኖችን አሠራር የሚደነግገው፣ በ1998 የወጣው አርኤፍሲ 2418 (አርኤፍሲ በቁጥር እየተለየ የሚታተም የአይኢቲኤፍ ሰነድ ነው)፣ 51 በመቶ ለጥቅል መግባባት እንደማይበቃ፣ 99 በመቶ ደግሞ ከሚፈለገው በላይ እንደሆነ ይናገራል፤ በመካከሉ ያለውን ሰፊ ሜዳ ለሰብሳቢው ፍርድ ይተወዋል። የእርስዎ ጥርጣሬ የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱን በሚገባ ያብራራው በ2014 ፒት ሬስኒክ ያዘጋጁት አርኤፍሲ 7282 ነው። ሰነዱ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ሰብሳቢዎች ይመሩበታል። ሐሳቡ ባጭሩ ሲነገር፣ ሰብሳቢ የሚቆጥረው መልስ ያላገኘ ተቃውሞ ስንት እንደቀረ ነው። አንድ ተቃውሞ ሲቀርብ ቡድኑ ሊቀበለው ግዴታ የለበትም፤ መርምሮ፣ ምክንያቱን ተረድቶ፣ «ይህን አውቀን፣ ስለዚህና ስለዚህ ምክንያት ግን በዚያው እንቀጥላለን» ብሎ መመለስ ግን ግዴታው ነው። ስለዚህ መቶ ሰው ደግፎ አምስት ሰው ቢቃወም፣ የአምስቱ ምክንያት ቴክኒካዊ ጉድለት የሚያሳይ ሆኖ ማንም ካልመለሰው መግባባት የለም። በተቃራኒውም መቶ ሰው «እቃወማለሁ» ብቻ ብሎ ጽፎ ምክንያት ሳይሰጥ ቢቀር፣ ወይም ምክንያቱ ቀድሞ በሚገባ የተመለሰ ቢሆን፣ አምስት ሰዎች የያዙት ሐሳብ ሊያልፍ ይችላል። የመልእክት ብዛትም አይቆጠርም፤ አንድ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ስለጻፈ አሥር ሰው አይሆንም።

በአካል በሚደረግ ስብሰባ ላይ «እምም» ማለታቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሰብሳቢው «ይህን የሚደግፍ» ሲል የደገፈ ሁሉ አፉን ሳይከፍት ያሰማል፤ ከዚያ ተቃዋሚው በተራው ያሰማል። ድምፁ ሲደባለቅ ማን እንዳለና ስንት ሰው እንዳለ አይለይም፤ የሚታወቀው አዳራሹ ወዴት እንዳዘነበለ ብቻ ነው። አለቃው አጠገቡ የተቀመጠ ሠራተኛ እጁን ለማውጣት ቢፈራ «እምም» ለማለት አይቸገርም። ሬስኒክ አጥብቀው የሚያሳስቡት ግን ውይይት በዚህ መዘጋት እንደሌለበት ነው። የተቃውሞ ድምፅ ከተሰማ ሰብሳቢው «ምክንያታችሁን ንገሩን» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከ2020 ወዲህ ስብሰባው በኢንተርኔት ጭምር ሲደረግ የእጅ ማውጫ ቁልፍ ገብቷል፤ እርሱ ቁጥር ስለሚያሳይ ሰዎች ሳይታወቃቸው ወደ ድምፅ ቆጠራ ያዘነብላሉ፣ እኔም ይህን አልወደውም።

እንግዲህ ሰብሳቢዋ ትክክል ሠርታ እንደሆነ ለማወቅ ሃያና ስድስት የሚሉትን ቁጥሮች ይተዉአቸው። ወደ መዝገቡ ተመልሰው የስድስቱን ምክንያቶች አንድ በአንድ ያውጡ፤ እያንዳንዱ የተሰጠው መልስ ምን እንደነበረም ይመልከቱ።

ደርሶ መልስ መለሰ፦

ቀለም ቀንድ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው አንድ ምሳሌ ነው። ጠያቂው ስለ ደርሶ መልስ ጊዜ ስለጻፉ በዚያው ጉዳይ ላይ የተደረገውን የኩዊክ (ከነባሩ ከቲሲፒ በኋላ የመጣ የዳታ ማጓጓዣ ፕሮቶኮል ነው) የሥራ ቡድን ክርክር ላንሣ። ክርክሩ በአንዲት ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ በምትይዝ ቦታ ላይ ነበር፤ ከዓመት በላይም ፈጅቷል።

በቲሲፒ ዘመን የቴሌኮም መሐንዲስ በመስመሩ መካከል ቆሞ የሚያልፉትን ፓኬቶች ራስጌ (ከዳታው በፊት የሚቀመጠውን የመቆጣጠሪያ መረጃ) በማየት ብቻ የደርሶ መልስ ጊዜን መለካት ይችል ነበር፤ የቁጥርና የማረጋገጫ መስኮቹ በግልጽ ይታዩ ነበርና። ኩዊክ እነዚህን ሁሉ መመስጠሩ ለተጠቃሚው ገመና ትልቅ ጥቅም ነው፤ መስመሩ የት ላይ እንደታመመ የሚፈልገው መሐንዲስ ግን ዓይኑ ታሰረ። ስለዚህ ኦፕሬተሮች አንድ ሳይመሰጠር የሚቀር ቢት ጠየቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ የመጣለትን የቢት ዋጋ እንዳለ ይመልሳል፤ ደንበኛው ደግሞ የተመለሰለትን ገልብጦ ይልካል። በዚህ መንገድ ቢቱ በአንድ ሙሉ ደርሶ መልስ አንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ መሐል ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው በሁለት መገልበጦች መካከል ያለውን ጊዜ ቢለካ የደርሶ መልስ ጊዜውን አገኘ ማለት ነው።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር፤ በእኔ ግምት ተገቢም ነበር። አንደኛው ወገን «የደርሶ መልስ ጊዜ ርቀትን ስለሚጠቁም የተጠቃሚውን መገኛ ያጋልጣል» አለ። ሌላው «ዛሬ አንድ ቢት ከሰጠን ነገ ሁለተኛ ይጠየቃል» ብሎ ሰጋ። ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ደግሞ «ለእኛም ለተጠቃሚያችንም ጥቅም የሌለውን ነገር ለምን እንሸከም?» ብለው ጠየቁ። ቡድኑ በዚህ ላይ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ አንዱ ወገን አሸንፎ ሌላው አኩርፎ ይወጣ ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው። የገመናውን ጉዳይ ለብቻው የሚመረምር አነስተኛ ቡድን ተቋቋመ፤ እርሱም ይህ ቢት ቀድሞ በሌላ መንገድ ሊታወቅ ከሚችለው በላይ የሚያጋልጠው ነገር ያን ያህል እንዳልሆነ ደመደመ። ሸክም ነው ላሉት ደግሞ ቢቱን መሥራት በፈቃድ እንዲሆን ተደረገ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቢቱን ያጠፋ ሰው በማጥፋቱ ብቻ ተለይቶ እንዳይታይ፣ የሚጠቀሙትም ጭምር በዘፈቀደ ከ16 መንገዶች ወይም የግንኙነት መለያዎች ቢያንስ በአንዱ ላይ ማጥፋት ግዴታቸው እንዲሆን ተጻፈ። ሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚያጠፉ ምልክቱ በግምት ከስምንት መንገዶች በአንዱ ላይ አይገኝም። ሜይ 2021 በወጣው አርኤፍሲ 9000 ላይ ይህን ያለማብራሪያ የሚያነብ ሰው «16 ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ድንጋጌው የተቃዋሚዎቹን ስጋት የሚመልስ ነው። ተቃዋሚዎቹ «ቢቱ አይግባ» የሚለውን አላገኙም፤ ስጋታቸው ግን በፕሮቶኮሉ ውስጥ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። መልስ ያገኘ ተቃውሞ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የማሳየው ይህን ነው።

የማታ ተረኛ መለሰ፦

ሁለታችሁም የጻፋችሁትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከእውነታው ይልቅ ያማረ መስሎ ስለታየኝ የጎደለውን ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ ሁሉም ተቃውሞ በምሕንድስና አይመለስም። በአሳሾች (በብራውዘሮች) መካከል ድምፅና ምስል ለማስተላለፍ የታሰበው የዌብአርቲሲ ሥራ ሲካሄድ፣ ሁሉም አሳሽ የግድ ሊይዘው የሚገባው የቪዲዮ ኮዴክ (ምስልን አጭቆ የሚልክና መልሶ የሚፈታ ዘዴ) ኤች 264 ይሁን ወይስ ቪፒ 8 የሚለው ጥያቄ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎት ነበር። አንደኛው በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ቀድሞ የገባ ቢሆንም የፓተንት ክፍያ ይጠየቅበት ነበር፤ ሁለተኛው ያለ ክፍያ የቀረበ ቢሆንም በስልኮች ቺፕ ውስጥ የነበረው ድጋፍ አነስተኛ ነበር፣ ከፓተንት ነፃ መሆኑንም የሚጠራጠሩ ነበሩ። ሲስኮ በኦክቶበር 2013 የኤች 264 ኮዱን በነፃ ከፍቶ የፓተንቱን ክፍያ ራሱ እንደሚሸፍን ቢያስታውቅም፣ በሚቀጥለው ወር ቫንኩቨር ላይ የተሰማው «እምም» ለሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ፣ በድምፅም ጭምር፣ ለመወሰን የቀረበው ሐሳብ ራሱ ሌላ ክርክር አስነሣ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2014 ሆኖሉሉ ላይ የተደረሰበት መፍትሔ አሳሾች ሁለቱንም ይያዙ የሚል ነበር፤ በማርች 2016 በአርኤፍሲ 7742 ታትሞ ወጣ። ሬስኒክ ራሳቸው «የእኔን ከተቀበልህ የአንተን እቀበላለሁ» የሚለውን ልውውጥ ያስጠነቅቁበታል፤ ይህ ውሳኔ ግን ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ቢሆንም ዛሬ በአሳሽ ቪዲዮ የምንነጋገረው በዚሁ ውሳኔ ነውና ከንቱ ነበር ልል አልችልም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ጨርሶ መግባባት ያልተቻለበትም አለ። በ2004 የኢሜይል ላኪን ማንነት ለማረጋገጥ የተቋቋመው ማሪድ የተባለ የሥራ ቡድን በማይክሮሶፍት የፓተንት ጥያቄና በንድፉ ላይ ባለመግባባቱ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ተፎካካሪዎቹ ንድፎች በ2006 ሁለቱም በሙከራ ደረጃ ብቻ ታተሙ። የዚያን ጊዜውን አለመግባባት ዋጋ የከፈለው የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው። መቆጠር ያለበት መልስ ያላገኘ ተቃውሞ ነው ከተባለ፣ ያልተጻፈ ተቃውሞ በማንም ዘንድ አይገኝም። ስብሰባዎቹ በዓመት ሦስት ጊዜ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ይዘዋወራሉ። ከሩቅ ያለ ክፍያ መሳተፍ ቢቻልም ክርክሩ ፈጣን እንግሊዝኛ ይጠይቃል። አለቃው የሥራ ሰዓቱን ለዚህ እንዲያውል የሚፈቅድለት መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የትልቅ ኩባንያ ሠራተኛ ነው፤ የሚያውቀውም መስመር ፈጣንና ንጹሕ የሆነውን ነው። ጠያቂው የሚያውቁት ዓይነት መስመር፣ ማለትም መብራት ሲቆራረጥ የሚዘገየው፣ በሳተላይት ዞሮ የሚመጣው፣ ማታ ማታ የሚጨናነቀው፣ በሌለበት ይፈረድበታል። እኛ ደግሞ «ዝምታ ወርቅ ነው» ተብለን ያደግን ነን። ታላቅ ሲናገር ማቋረጥን እንደ ነውር፣ በአደባባይ «ተሳስታችኋል» ማለትን እንደ ድፍረት እንቆጥራለን። በቤታችን ያማረብን ይህ ጠባይ እዚያ ሲደርስ «ተቃውሞ የለውም» ተብሎ ይነበባል። ሰብሳቢዋ ያልተላከ ደብዳቤ ልታነብ አትችልም። ጠያቂውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ለሦስት ዓመት ያህል እንዲሁ ዝም ብዬ አንብቤያለሁ፣ ዛሬ ያ ሁሉ ጊዜ ይቆጨኛል።

የአፍሪካን የኢንተርኔት አድራሻዎች የሚያከፋፍለው አፍሪኒክም ፖሊሲዎቹን የሚያወጣው በዚሁ በጥቅል መግባባት ነው፤ ኢትዮጵያም በእርሱ ክልል ውስጥ ናት። ስለዚህ ይህ ልማድ ለእኛ የሩቅ አገር ወግ ብቻ አይደለም።

አውታረኛው መለሰ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀለም ቀንድ እንዳሉኝ ወደ መዝገቡ ተመልሼ የስድስቱን ምክንያቶች አወጣሁ። የአራቱ ተቃውሞ ቁጥሩ በአስተዳዳሪው ሊቀየር አይችልም የሚል ነበር፤ ለዚህ መልስ ተሰጥቷል፣ ረቂቁም ተስተካክሏል። የቀሩት ሁለቱ ያነሡት ግን ልክ የእኔን ጉዳይ ነው፤ መዘግየታቸው ረጅምና ተለዋዋጭ በሆነ መስመሮች ላይ ያለ ምክንያት ዳግም መላክ እንደሚበዛ ጽፈዋል። ለእነርሱ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ይህንኑ ቁጥር አሁንም ይጠቀሙበታል» ይላል። ይህ እንደ መልስ ይቆጠራልን? ደግሞስ ጉዳዩ ከተዘጋ በኋላ መጻፍ ይቻላል ወይስ ጊዜው አልፏል?

ቀለም ቀንድ መለሰ፦

የጠቀሱት መልስ በእኔ አስተያየት ተቃውሞውን አልነካውም። ተቃዋሚዎቹ «በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ጉዳት ያደርሳል» ሲሉ «ብዙዎች ይጠቀሙበታል» ማለት ብልጫ ድምፅን በሌላ ልብስ ማምጣት ነው። የሚሠራ ኮድ መኖሩ ክብደት አለው፤ ኮዱ በዚያ ዓይነት መስመር ላይ እንደሚሠራ ግን አያሳይም።

ጊዜው አላለፈም። ረቂቁ ከሥራ ቡድኑ ሲወጣ አይኢኤስጂ ለመላው ማኅበረሰብ የመጨረሻ ጥሪ ያወጣል፤ ለሥራ ቡድን ሰነድ ይህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ነው፣ ያኔም መጻፍ ይቻላል። ከዚያ ውጭ የሰብሳቢ ውሳኔ ይግባኝ ይባልበታል፦ ቅሬታው መጀመሪያ ለራሷ ለሰብሳቢዋ ይቀርባል፤ ካልተፈታ ወደ ዘርፉ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ አይኢኤስጂ፣ ከዚያም ወደ አይኤቢ ይሄዳል። ይግባኙ መጀመር ያለበት ውሳኔው በይፋ ከታወቀ በሁለት ወር ውስጥ ነው። እርስዎ ግን በይግባኝ አይጀምሩ፤ ይህን በአጽንዖት እነግርዎታለሁ። ይግባኝ የሚነሣው ሰብሳቢዋ ሰምታ ችላ ስትል ነው፤ የእርስዎን ገና አልሰማችም። ለቡድኑ በሙሉ ይጻፉ፤ የሁለቱን ሰዎች ተቃውሞ በቀኑ ጠቅሰው መልስ እንዳላገኘ ያሳዩ፤ የራስዎን ማስረጃ ከሥሩ ያያይዙ። አዲስ መረጃ ሲመጣ የተዘጋ ጉዳይን መክፈት የሰብሳቢ ሥልጣን ነው፤ ጥሩ ሰብሳቢ ደግሞ በዚህ አታፍርም።

ስለ ማስረጃው አንድ ጥሩ አርአያ አለልዎት። ቲሲፒ ገና ግንኙነት ሲጀምር፣ የመስመሩን መዘግየት ሳያውቅ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጊዜ ለረጅም ዓመታት 3 ሰከንድ ነበር። በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6298 ወደ 1 ሰከንድ አወረደው። ጥያቄው የእርስዎው ጥያቄ ነበር፦ ደርሶ መልሱ ከ1 ሰከንድ የሚበልጥ መስመር ምን ይሁን? ሰነዱ በአባሪው ላይ ምክንያቱን ያስረዳል፤ በሰፊ መረጃ ላይ በተደረገ ትንተና ከ97.5 በመቶ የሚበልጡት ግንኙነቶች የደርሶ መልስ ጊዜያቸው ከ1 ሰከንድ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ይበሉ፤ «97.5 በመቶ ይበቃናል፣ የቀሩት ይቻሉት» ብለው አላለፉም። የመጀመሪያው የግንኙነት መጠየቂያ ፓኬት መልስ ሳያገኝ ጊዜው ካለፈበት፣ ዳታ መላክ ሲጀመር የመጠበቂያው ጊዜ ተመልሶ 3 ሰከንድ እንዲሆን ደነገጉ። ፈጣኑ መስመር 1 ሰከንዱን አገኘ፤ ዘገምተኛውም መመለሻ በር ተተወለት።

ስለዚህ እርስዎም «ቁጥሩ መጥፎ ነው» ብለው ብቻ አይጻፉ። በመስመርዎ ላይ ስንት ፓኬት ዳግም እንደተላከ፣ ከእነዚያም ውስጥ የመጀመሪያው ቅጂ በእርግጥ ደርሶ የነበረው ስንቱ እንደሆነ ይለኩ። ከዚያ እንዲህ ያለ መመለሻ በር የሚከፍት ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ራስዎ አርቅቀው በረቂቁ ውስጥ የት እንደሚገባ ያመልክቱ። ስለ እንግሊዝኛዎ አይጨነቁ፤ ሠንጠረዥ በማንኛውም ቋንቋ ይነበባል። ከፈለጉ ከመላክዎ በፊት እዚህ ይለጥፉት፣ አብረን እናየዋለን።

አውታረኛው መለሰ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ የሚያልፉትን ፓኬቶች መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ በሁለቱም በኩል ሳይቀዳ የመጀመሪያው ቅጂ መድረሱን ማወቅ አይቻልምና። መስመሩ የሚጨናነቅበትን ሰዓት እንዲሸፍን ሰባት ሌሊት አስቀዳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሠንጠረዡንና ያረቀቅሁትን አንቀጽ እዚሁ አቀርባለሁ፤ ካያችሁልኝ በኋላ ለቡድኑ በስሜ እልከዋለሁ።